የጉበይራዋ እህታችን ስም

ሲስተር ስትደውልልኝ የማማን መድኃኒት የጠዋቱን ከማታው እየለየሁ በሣጥን ውስጥ እከት ነበር። በሥራ ሰዓት እንደማትደውል ስለማውቅ ገና ስልኩን ሳነሣ ልቤ ፈራ።

«እህቴ፣ ብቻሽን ነሽ?» አለችኝ።

«ማማ አጠገቤ ናቸው።»

«እንግዲያው ዝም ብለሽ ስሚኝ። ያቺ ልጅ ዐርፋለች።»

«የትኛዋ ልጅ?»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ስም ይጠራ ነበር። «የጉበይራዋ» አለች ሲስተር። «ያቺ ሳቂታዋ። ከባቃላው፣ ከሱቁ በላይ የምትኖረዋ፣ እግሯ ያበጠው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። የያዝኩት ክኒን ከእጄ ወደቀና ከሶፋው ሥር ገባ። እሱን ለመፈለግ የጎነበስኩ መስዬ እዚያው ወለሉ ላይ ቀረሁ።

ማማ የምጦራቸው የሳዑዲ አሮጊት ናቸው። ዐይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ግድግዳ አያግደውም። «ማን ሞተ?» አሉኝ በዐረብኛ።

«እህቴ።»

«የእናትሽ ልጅ?»

«አይደለችም፣ የአገሬ ልጅ ናት።»

«አላህ ይርሐማት። ስሟን ንገሪኝ፣ ስሰግድ ዱዓ ላድርግላት።»

ምን ልበላቸው? ማማ ሐዘን አፌን የዘጋው መስሏቸው በዳሰሳ ጭንቅላቴን አገኙና ዳበሱኝ። «ኸላስ ልጄ፣ ኸላስ» አሉ። «እሱ ያውቃታል።» እኔ ግን የማለቅስላትን ሰው ስም አላውቅም ነበር።

ለምን እንደማላውቀው ለመናገር፣ ዓርብ ዓርብ ስለምንሰበሰብበት ቤት መናገር አለብኝ።

ቤቱ ሪያድ፣ ሙረባዕ ሰፈር ውስጥ፣ ያረጀ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሲስተር ከባለቤቷ ጋር ትኖርበታለች። እሷ ነርስ ናት፣ እሱ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነው። በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር ተሰዳ ናይሮቢ ያደገች ሲሆን፣ ቃለ እግዚአብሔር የተማረችውም እዚያ፣ ሜቶዲስት በሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። ሜቶዲስት የሚባል ነገር ከእሷ በፊት ሰምቼም አላውቅ። ደወል በማይሰማበት ከተማ ዓመታት ከቆየሁ በኋላ፣ ሰው ተሰብስቦ ሲጸልይ መስማት ቢናፍቀኝ ነው የሄድኩት። የመጀመሪያው ቀን ነጠላዬን በቦርሳ ይዤ፣ «ጴንጤ ሊያደርጉኝ ነው» እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ደረስኩ። በሩ ላይ ቆሜ ነገርኳት።

«ሲስተር፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ በከንቱ እንዳትደክሚ።»

«እኔ ደግሞ ዛሬ ከሥራ አድሬ የወጣሁ ነርስ ነኝ፣ ለመድከምም አቅም የለኝ» አለችኝ እየሳቀች። «ግቢ። ጫማሽን እዚያ አትተይው፣ ይዘሽው ግቢ።»

ክርስቲያን ተሰብስቦ መጸለይ በተከለከለበት አገር፣ በር ላይ የተከመረ የሴት ጫማ ለጎረቤት ወሬ ይሆናላ። የምንመጣው ሁለት ሁለት እየሆንን፣ ለምሳ የተጠራን እንድንመስል ድስትና ሰሃን ተሸክመን ነው። መዝሙራችን በሹክሹክታ ነበር። እልል ማለት ሲያምረን መዳፋችንን በአፋችን ላይ እንጭናለን። ከመካከላችን አንዲት ምግብ አብሳይ ነበረች፤ በዐዚዚያ ሰፈር በኩል ለሠራተኞች ካምፕ ታበስላለች፣ አፏ ለቀልድ አይቦዝንም። «እዚህ አገር መላእክቱም በካልሲ ነው የሚሄዱት» ትለን ነበር።

ሲስተር ከናይሮቢ ይዛው የመጣች አንድ ልማድ ነበራት። ሜቶዲስቶች በትንንሹ ሆነው ሲሰበሰቡ ከጥንት ጀምሮ የሚጠያየቁት ነው ትላለች። ከጸሎቱ በፊት በክብ ተቀምጠን፣ እያንዳንዳችንን በየተራ ዐይን ዐይናችንን እያየች፣ «እህቴ፣ ነፍስሽ እንዴት ናት?» ትለናለች።

መጀመሪያ የጠየቀችን ዕለት ሳቅን። እኛ ከጤናና ከሥራ በቀር የሚጠይቀን ሰው ካጣን ቆይተናል። ምግብ አብሳይዋ፣ «ነፍሴስ ደህና ናት፣ ወገቤ ነው እንጂ» አለች። ሲስተር ግን አልተወቻትም። «ወገብሽን በኋላ አየዋለሁ፤ አሁን ነፍስሽን ነው የጠየቅሁሽ» አለቻት። ያን ጊዜ ያቺ ቀልደኛ ሴት፣ ጡት ያልጣለ ልጅ ትታ ከመጣች ወዲህ የሕፃን ልቅሶ ስትሰማ ከቤት ሮጣ እንደምትወጣ ነገረችን። ከዚያ ቀን በኋላ በጥያቄው የሳቀ የለም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን እዚያ ክብ ውስጥ ተናግሬያለሁ።

ስም ግን አንጠያየቅም ነበር።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። መንግሥት ወረቀት ለሌላቸው ስደተኞች የሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ አፈሳው በጀመረ ሰሞን፣ ወገኖቻችን በአውቶቡስ እየተጫኑ ወደ ተርሂል፣ ወደ አገር ከመመለሳቸው በፊት ወደሚታጎሩበት ግቢ ሲወሰዱ፣ አንዲት እህታችን ከእኛ ዘንድ ስትመለስ መንገድ ላይ ተያዘች። ስልኳ ውስጥ የሁላችንም ስም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእሷ ሰበብ ማንም አልተጠራም፤ ነገር ግን ለሳምንታት በር በተንኳኳ ቁጥር እየደነገጥን ከረምን። እንደገና ስንሰበሰብ ሲስተር ሕግ አወጣች። ስም አይነገርም፣ የአገር ቤት መንደር አይነገርም፣ ፎቶ አይነሣም። «የማታውቂውን ማንም ከአፍሽ አያወጣውም» አለች። ሁላችንም «እህቴ» ሆንን። በስልካችን ላይ እንኳ ስም ቀየርን፤ እኔ በሲስተር ስልክ ውስጥ «ልብስ ሰፊዋ» ነበርኩ፣ ምግብ አብሳይዋ «የውሃ ቧንቧ»። ሕጉ በፍቅር የወጣ ሕግ ነው። ዛሬም ክፉ ነበር አልልም።

ከጸሎቱ በኋላ ሁለት ሦስት ሆነን ጉበይራ ወደሚባል ሰፈር እንሄድ ነበር። እዚያ በአንድ ክፍል ታጭቀው የሚኖሩ፣ ከካፊላቸው፣ በስሙ ካስመጣቸው አሠሪ ቤት ጠፍተው በየሰዉ ቤት በቀን የሚሠሩ ሴቶች አሉ። ራሳቸውን «ኸሊ ወሊ» ይላሉ፤ ጌታ የሌለው፣ ለራሱ ያደረ እንደ ማለት ነው። ካፊል የሌላት ሴት ሕክምና መሄድ ትፈራለች። ሲስተር የደም ግፊት መለኪያዋን በዳቦ ከረጢት ውስጥ ደብቃ ትይዛለች፤ ምግብ አብሳይዋ ድስቷን፤ እኔ አልጋ የያዙትን ሴቶች ልብስ አጥባለሁ። ክርስቲያን ነሽ እስላም ብለን የጠየቅናት አንዲት ሴት የለችም።

ልጅቷን ያገኘናት ከአንድ ባቃላ በላይ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ፍራሽ ላይ ተኝታ እግሮቿን ግድግዳው ላይ ሰቅላለች። ስታየን አልተነሣችም።

«ማን ላካችሁ?» አለች።

«ማንም» አለች ሲስተር።

«እንግዲያው የምትሸጡት ነገር አለ።»

«ሽሮ» አለች ምግብ አብሳይዋ ድስቷን እየከፈተች።

«ስንት ነው?»

«ከበላሽው በነጻ ነው። ካልበላሽው ግን አስከፍልሻለሁ።»

ልጅቷ ሳቀች። ድዷ እስኪታይ፣ ክፍሉ ውስጥ የተኙት ሁሉ ቀና እስኪሉ ድረስ ሳቀች። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የወደድኳት።

ሲስተር እግሯን ጫን አድርጋ አየችው፤ የጣቷ ምልክት እዚያው ቀረ። ኩላሊቷ መሆኑን ጠርጥራ ሆስፒታል እንድትሄድ ለመነቻት።

«ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አለሽ?» አለቻት።

«አለኝ። ግን እዚያ ላይ ያለችው ሴትዮ እኔ አይደለሁም።»

ነገሩ ለሁላችንም ገባን፤ ከመካከላችን እንዲያ የመጣን ብዙ ነን። ደላላው በሙስሊም ስም፣ በማታውቀው ሰው ልጅነት ፓስፖርት አውጥቶላታል። ማተቧን አውቶቡስ ተራ ላይ ፈትታ ለእናቷ እንደሰጠቻት ነገረችን። የእናቷ ልጅነት የቀረው በንግግሯ ብቻ ነበር፤ የወሎ ይመስለኛል፣ አፌን ሞልቼ ግን መናገር አልችልም።

በሲስተር መድኃኒት እብጠቱ ሲቀንስላት ዓርብ ዓርብ ወደ ሙረባዕ መምጣት ጀመረች። የነፍስን ጥያቄ መጀመሪያ የተጠየቀች ዕለት፣ «ነፍሴማ አገር ቤት ናት። እዚህ ያለነው እኔና ኩላሊቴ ነን» አለች። ከምግብ አብሳይዋ ጋር ተገናኝተው ቤቱን የቀልድ ቤት አደረጉት። ሲስተር ስትቆጣቸው ደግሞ፣ «አንቺ ነሽ ሜቶዲስት፣ እኛ ምን አደረግን» ይሏታል።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። አንድ ዓርብ ተራዋ ደርሶ ሲስተር ስትጠይቃት እንደ ወትሮው አልቀለደችም።

«ነፍሴ ዛሬ ደስ ብሏታል» አለች። «እናቴን በሕልሜ አየኋት። በስሜ ጠራችኝ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ በስሜ የጠራኝ ሰው የለም። ማዳሞቹ በፓስፖርቱ ስም፣ እናንተ እህቴ። እናቴ ግን እንዲህ ብላ ነው የምትጠራኝ...»

«እሽሽሽ!» አልን ሁላችንም በአንድ ላይ። «ሕግ! ሕግ!» ምግብ አብሳይዋ ፈጠን ብላ ከፊቷ ካለው ሰሃን ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተችባት። ልጅቷ ጉንጯ ተወጥሮ፣ ዐይኗ ፈጦ ስታኝክ አይተን በሳቅ ፈረስን። እሷም ሳቀች፤ ትን ብሏት ውሃ ሰጠናት። ከዚያ ሲስተር ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።

በዚያው ጾም ነው የሞተችው። ሠርግ አዳራሽ ስታጸዳ ወደቀች። አብራት የምትሠራ ሴት ታክሲ አስቁማ ሆስፒታል አድርሳት ፈርታ ተመለሰች። ስልኳ ታክሲው ውስጥ ቀረ፤ ባለ ታክሲው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሆስፒታሉ በቦርሳዋ ውስጥ ባገኘው ኢቃማ መዘገባት፣ በዚያው ስም ሞተች።

ማማን ለልጃቸው አደራ ብዬ ከሲስተር ጋር ወጣሁ። የሄድነው የሞቱ ወገኖችን ጉዳይ ወደሚከታተል አንድ ወንድማችን ነው። ሹፌር ነው፣ ሙስሊም ነው፤ ሰው ሲሞት ሥራውን ትቶ የሚሮጥ እሱ ነው። መኪናው ውስጥ ሆነን አነጋገረን።

«አይዟችሁ እህቶቼ» አለን። «አስከሬኑ አገር እንዲገባ ቤተሰብ ውክልና መላክ አለበት። እናቷን በስልክ አገናኙኝ፣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

«የእናቷ ቁጥር የለንም» አለች ሲስተር።

«ችግር የለም። የአባቷ ስም ይበቃኛል፣ በቀበሌ በኩል አፈላልጋለሁ።»

«ኢቃማው ላይ ያለው የእሷ አባት አይደለም።»

«እሺ፣ እውነተኛው ማን ነው?»

ሲስተር ወደ እኔ ዞረች። እኔ መስኮቱን አየሁ።

«የራሷስ ስም? አገሯስ የት ነው?»

«ወሎ ይመስለኛል» አልኩ።

«ይመስለኛል?» ሰውየው ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞሮ አየን። «ምኗ ናችሁ እናንተ?»

«እህቶቿ ነን» አለች ሲስተር።

ይህን የጠየቀው ሊያስቀይመን ብሎ አልነበረም። በእርግጥ ግራ ገብቶት ነው። መልሳችንን ሲሰማ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ዞረ። እናቷ ካልተገኘች፣ በወረቀቱ ሙስሊም ስለሆነች እዚሁ እንደምትቀበር ብቻ ነገረን።

ጉበይራ ሄድን። አብረዋት የሚኖሩት ሴቶች የሚያውቋት በኢቃማው ስም ነው። የእኛ ሰዎች በሚያዩት የፌስቡክ ገጽ ላይ የኢቃማውን ፎቶ ሹፌሩ አወጣው፤ በጥቁር ሻሽ የተጠቀለለ፣ የደነገጠ ፊት፣ እሷን እኔም አላውቃት። ፎቶ አይነሣም ብለናል፣ የምትስቅ ፊቷን ከየት እናምጣ? «ነፍስ ይማር» የሚል ከየአገሩ ጎረፈ። አውቃታለሁ የሚል አልመጣም። ስለ እሷ የማውቀውን ቆጠርኩ። የምትፈራውን አውቃለሁ። እናቷን በምን እንዳስቀየመቻት፣ ማንን ለማግባት ታስብ እንደነበር፣ እግዚአብሔርን በምን እንደምታማው አውቃለሁ። ሹፌሩ ከጠየቀኝ ውስጥ አንዱንም አላውቅም።

ተቀበረች። እዚያ አገር ሴት ለቀብር አትወጣምና አልሄድንም። ሹፌሩ ሄዶ መጥቶ ነገረን። የማያውቋት ሰዎች ተሰልፈው እንደሰገዱባት፣ አፈሩን በእጃቸው እንደመለሱላት፣ መቃብሩ ላይ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ጽሑፍ እንደሌለው ነገረን። «በክብር ነው የሸኘናት» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ክርስቲያን መሆኗን ነግራችሁኛል። እኔ በእኔ በኩል አደረግሁ፣ የናንተን ደግሞ እናንተ ጨምሩበት» አለን። ሲስተር እጁን መጨበጥ ስላልቻለች የራሷን እጅ በደረቷ ላይ አድርጋ አጎነበሰችለት።

ልብሷን ልንሰበስብ እንደገና ጉበይራ ስንሄድ ከክፍሉ ሴቶች አንዷ ደረጃው ድረስ ተከተለችን።

«ለአንዷ እኮ ነግራታለች» አለች።

«ምኑን?»

«ስሟን ነዋ! ከናንተ ጋር ከሚመጡት አንዷ ጸጉሯን ስትሠራላት ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው። የክርስትና ስሟን፣ የእናቷን መንደር ሁሉ ነገረቻት። ‹ሕጉን አፈረስነው› ብለው ይሳሳቁ ነበር።»

«የትኛዋ ናት?» ሲስተር ክንዷን ያዘቻት። «ቀይ ናት? ጠይም ናት?»

«ምኑን ለየሁት እህቴ፣ ጀርባዋን ነው ያየሁት። ሁላችሁም ጥቁር ዓባያ ናችሁ፣ ሁላችሁም እህቴ።»

በሚቀጥለው ዓርብ በክብ ተቀመጥን። ሲስተር እንደ ልማዷ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ መናገር አቃታት። ምግብ አብሳይዋ ያን ዕለት አንድም ቀልድ አልወጣትም፤ ከቦታዋ ተነሥታ ሲስተር ፊት ተንበረከከችና፣ «ሲስተር፣ ነፍስሽ እንዴት ናት?» አለቻት።

«ታማለች» አለች ሲስተር። ቆይታ ደግሞ ቀና ብላ የራሷን ስም፣ የአባቷን፣ የአያቷን ስም ከነተወለደችበት አገር ተናገረች። ማንም «ሕግ» አላለም። ቀጥላ ምግብ አብሳይዋ፣ ቀጥዬ እኔ፣ ሁላችንም እስከ አያታችን ተናገርን። ዓመት ሙሉ አብሬያት የጸለይኩት አንዷ የጎረቤት ወረዳ ልጅ ሆና ተገኘች፤ ተቃቅፈን ተላቀስን። እነዚያን ስሞች እዚህ አልጽፋቸውም፣ ዛሬም እዚያው የሚሠሩ አሉ። ጸጉሯን የሠራሁላት እኔ ነኝ ያለች ግን የለችም፤ ያቺ ሴት በክቡ ውስጥ አልነበረችም። በዚያ ሰሞን ኮንትራት ጨርሰው አገር የገቡ አሉ፤ በተርሂል በኩል በለበሱት ልብስ የተላኩ አሉ፤ ስልክ ቀይረው የጠፉም አሉ። ከእነሱ አንዷ ናት።

ለአርባዋ ቀን አገር ቤት ላሉት ንስሐ አባቴ ደወልኩ። ፍትሐት እንዲያደርሱላት ለመንኳቸው። «የክርስትና ስሟን ንገሪኝ» አሉ። እንደማላውቀው ስነግራቸው፣ ባለቤቱ እግዚአብሔር ያውቃታልና እናስባታለን አሉኝ። ማማም እንደዚያው ነበር ያሉኝ። እሱ እንደሚያውቃት እኔም አምናለሁ። የሚያስጨንቀኝ የእሱ ማወቅ አይደለም። መሞቷን የማታውቀው እናቷ ናት የምታስጨንቀኝ። ልጇ ድንገት መደወል አቆመች። ሞተች ብሎ የነገራት የለም። በዓል በመጣ ቁጥር ስልኳን አጠገቧ አስቀምጣ ትጠብቅ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ልጄ በዐረብ አገር ጠግባ ረሳችኝ ብላ ተቀይማት ይሆናል። እኔ ራሴ እናት ነኝ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ መለየት አቅቶኛል።

ሲስተርና ባለቤቷ በኋላ ከሪያድ ሄዱ፣ የሙረባዕ ቤትም ለሌላ ሰው ተከራየ። ያ ክብ ዛሬ በየአገሩ ተበትኗል። ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፣ እዚያ ለነበራችሁ። ከመካከላችሁ ጸጉሯን የሠራሽላት እህቴ፣ ሕጉን አፈረስኩ ብለሽ አትፍሪ፤ ሕጉን ሁላችንም ትተነዋል። ለእኔ ልትነግሪኝም አያስፈልግም፣ ስሟን ሳላውቅ ልሙት። አንቺ ግን መንደሩን ታውቂዋለሽ። እባክሽ ወደ እናቷ ሂጂ። በስልክ አታርጂያት፣ በእግርሽ ሂጂ፣ ሰው ይዘሽ ሂጂ፣ በጠዋት ድረሺ። አጠገቧ ቁጭ በይና ልጇ እንዳልረሳቻት ንገሪያት።